ፓኬጅ ስታድሱ ፓኬጅ እንዳያልቅ፦ የፓይተን ላይብረሪ ግጭት ችግሩና መፍትሄው

ድሬ ላይ «ፓኬጅ አለቀ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ዳታው ስለሆነ፣ እዚህ በፒፕ (የፓይተንን ተጨማሪ ኮድ አውርዶ በሚጭነው ፕሮግራም) የሚጫነውን ዝግጁ ኮድ «ላይብረሪ» እያልን እንቀጥላለን። ትዕዛዞቹ እንደሚነበቡ በፊደላችን ሰፍረዋል፤ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ነው የሚተየቡት።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት አንድ መስመር፦ ፒፕ ፍሪዝ > ነባር.ቲኤክስቲ። ዳታ አይበላም፣ የሚፈጀውም ሰከንድ ነው። አሁን ያለውን ሁሉ ከነቨርዥኑ ይመዘግባል፤ ነገር ሲበላሽ ፒፕ ኢንስቶል -አር ነባር.ቲኤክስቲ ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ፋይሎቹ ከዚህ በፊት ወርደው ፒፕ ካሽ (ፒፕ ያወረደውን የሚያስቀምጥበት ቦታ) ውስጥ ካሉ ዳግም አይወርዱም።

«ተጭኗል» ይላል፣ ፕሮግራሙ ግን አይነሳም

አንድ ላይብረሪ አደሳችሁ። በቀይ ጽሑፍ «ቴንሰርፍሎው 2.15.0 የሚፈልገው ከ1.23.5 ጀምሮ ከ2.0.0 በታች ያለ ነምፓይ ነው፤ ያለው ግን 2.0.0 ነው» የሚል መጣ (ሁለቱም ላይብረሪዎች ናቸው)። ከሥሩ ደግሞ ጭነቱ ተሳክቷል ይላል። ብዙ ሰው የታችኛውን መስመር ብቻ አይቶ ያልፋል።

ምክንያቱ፦ ፒፕ በአንድ ትዕዛዝ የሚያስማማው በዚያ ትዕዛዝ የጠራችኋቸውንና እነሱ የሚፈልጓቸውን ብቻ ነው። ቀድሞ የተጫነው ቴንሰርፍሎው ምን እንደሚል አይጠይቅም። ቀዩ ጽሑፍ ሲታይ አሮጌው ነምፓይ ተነቅሎ አዲሱ ገብቷል፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን መርዶ ነው። ነምፓይ 2.0 እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ሲወጣ ይህ ግጭት በረከተ፤ በ1ኛው ተከታታይ ላይ ኮምፓይል የተደረጉ (ወደ ማሽን ቋንቋ የተቀየሩ) ላይብረሪዎች በ2.0 ላይ አይሠሩምና። ሌላው ላይብረሪ ፓንዳስ እንኳ ከነምፓይ 2 ጋር የተስማማው ከ2.2.2 ጀምሮ ነው።

መፍትሄው ሁሉንም በአንድ ትዕዛዝ መጥራት ነው፦ ፒፕ ኢንስቶል "ቴንሰርፍሎው==2.15.0" "ነምፓይ<2" ፓንዳስ። አሁን ፒፕ ሦስቱንም ባንድ ላይ ያያል፣ የሚያስማማቸውንም ቨርዥን ይፈልጋል። ትምህርተ ጥቅሱን አትዝለሉት፤ ያለ እሱ ሼሉ (ተርሚናሉ ውስጥ ትዕዛዙን የሚቀበለው) የ< ምልክትን «ከፋይል አንብብ» ብሎ ይተረጉመዋል። በ>= ጊዜ ደግሞ ኢረር ሳያሳይ፣ ፎልደራችሁ ውስጥ ስሙ በእኩል ምልክት የሚጀምር እንግዳ ፋይል ይፈጥራል። እንዲህ ዓይነት ፋይል ካያችሁ ከየት እንደመጣ ገባችሁ ማለት ነው። በመጨረሻ ፒፕ ቼክ በሉ፤ የተሰበረ ነገር የለም ካላለ ሥራው አላለቀም።

ሪዞሉሽን ኢምፖሲብል

ከላይኛው ይልቅ ይህ ደግ ኢረር ነው፤ ፒፕ መስማማት እንደማይቻል ቀድሞ አውቆ ምንም ሳይነካ ቆሟል። አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ከሌላ ሰው የተቀዳ የሪኳየርመንትስ ፋይል (የሚጫኑ ላይብረሪዎች ዝርዝር) ነው፤ ሁሉም መስመር በ== ተቸንክሯል። ከኢረሩ ውስጥ «የግጭቱ መንስኤ» የሚለውን ክፍል ፈልጉ፤ ሁለት ላይብረሪዎች ስለ ሦስተኛው የሚሉት እዚያ አለ። ሦስተኛውን ኮዳችሁ በቀጥታ ካልጠራው መስመሩን ሰርዙት፣ ፒፕ ራሱ ይምረጥ። ካልሆነ ከሁለቱ የአንዱን == ፍቱ። ሁለቱም የማይላወሱ ከሆነ በአንድ ቤት አይኖሩም፤ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ፓይተን -ኤም ቬንቭ ብላችሁ የፎልደር ስም አስከትላችሁ የየራሱን ኢንቫይሮንመንት (ላይብረሪዎቹ ለብቻቸው የሚቀመጡበት ፎልደር) አውጡለት። የቬንቭ ፎልደርን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ግን አይሆንም፤ የድሮው አድራሻ ውስጡ ተጽፏል። ፍሪዝ አድርጎ አዲስ ቦታ ላይ እንደገና መሥራት ይሻላል።

ማውረዱ አያልቅም፣ ያው ላይብረሪ በየቨርዥኑ ይወርዳል

ከ20.3 ወዲህ ያለው ፒፕ የሚስማማ ቨርዥን እስኪያገኝ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሞክራል። የሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ይህ ውድ ነው። ኮንትሮል ሲ ብላችሁ አቁሙት። መጀመሪያ ፒፕን ራሱን አድሱ፤ አዲሱ ፒፕ ለብዙ ላይብረሪ ዋናውን ፋይል ሳያወርድ መግለጫውን ብቻ ያነባል። ቀጥሎ ዝቅተኛ ወሰን ስጡ፤ «ፓንዳስ» ከማለት «ፓንዳስ>=2.1» ማለት ፍለጋውን ያሳጥራል።

ፓይቶርች የሚባለው ላይብረሪ (በፒፕ ስሙ ቶርች) ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሊኑክስ ላይ ፒፕ ኢንስቶል ቶርች ብቻ ካላችሁ የኤንቪዲያ ላይብረሪዎችን አስከትሎ ከ2 ጊጋባይት በላይ ያወርዳል። ላፕቶፓችሁ የኤንቪዲያ ካርድ ከሌለው ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ፓይቶርች በራሱ ማከማቻ ያስቀመጠውን የሲፒዩ ቨርዥን በ--ኢንዴክስ-ዩአርኤል ጥሩ። በብዙ እጥፍ ያንሳል።

መብራት ከሄደ በኋላ የመጡ ኢረሮች

ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ጭነት መሃል መብራት ከሄደ፣ ከዚያ በኋላ ፒፕ በተጠራ ቁጥር «ኢንቫሊድ ዲስትሪቢዩሽን» የሚል ቢጫ መስመር ይከተላችኋል፤ ስሙም የመጀመሪያ ፊደሉ የተነቀለ «አምፓይ» ነገር ነው። ፒፕ አሮጌውን ሲነቅል የመጀመሪያውን ፊደል በ~ ተክቶ ለጊዜው ያስቀምጠዋል፤ ሳይጨርስ ቆመ። ሳይት-ፓኬጅስ (ላይብረሪዎቹ የሚቀመጡበት ፎልደር) ውስጥ በ~ የሚጀምሩትን ፎልደሮች ሰርዙ፣ ላይብረሪውን በ--ፎርስ-ሪኢንስቶል መልሱት። ዊንዶውስ ላይ ጁፒተር (የፓይተን ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ክፍት ሆኖ ማደስም ይህንኑ ያመጣል።

ፒፕ የሚያወርድበት ድረ ገጽ ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫው) «ገና አልጸናም» የሚል የኤስኤስኤል ኢረር ከመጣ ኔትወርኩን ሳትወቅሱ የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። የማዘርቦርዱ ሲአር 2032 ባትሪ ከሞተ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። በእጅ ሲያስተካክሉ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉም አሉ፤ ለሰርተፊኬቱ ያ ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ቀኑን አስተካክሉ፣ ባትሪውን ቀይሩ። የሰርተፊኬቱን ምርመራ የሚያዘልለውን --ትረስትድ-ሆስት የሚባለውን «መፍትሄ» አንመክርም፤ በሩን ከፍቶ መተኛት ነው።

«ሪድ ታይምድ አውት» (ምላሽ ሳይመጣ ጊዜው አለቀ) ከሆነ ፒፕ የሚጠብቀው 15 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ --ታይምአውት 120 ጨምሩለት።

አንዱ አውርዶ ለሌላው በፍላሽ

ሳቢያን ያለ ሰው ሌሊት ያወረደውን ከዚራ ያለው ዳግም ማውረድ የለበትም። ፒፕ ዳውንሎድ -ዲ ዊልስ -አር ሪኳየርመንትስ.ቲኤክስቲ በሉ፣ «ዊልስ» የተባለውን ፎልደርና የሪኳየርመንትስ ፋይሉን ገልብጡ፤ ተቀባዩ ፒፕ ኢንስቶል --ኖ-ኢንዴክስ --ፋይንድ-ሊንክስ ዊልስ -አር ሪኳየርመንትስ.ቲኤክስቲ ይላል።

እዚህ የሚያደናቅፈው የፓይተን ቨርዥን ልዩነት ነው። በፋይሉ ስም ላይ ሲፒ311 ካለ ለፓይተን 3.11 ነው፤ 3.12 ያለው ላፕቶፕ «የሚስማማ አልተገኘም» ይላል። ለሌላ ማሽን ስታወርዱ --ፓይተን-ቨርዥን 3.11፣ --ፕላትፎርም ዊን_ኤኤምዲ64 እና --ኦንሊ-ባይነሪ=:ኦል: ጨምሩ። በነገራችን ላይ ቴንሰርፍሎው 2.15 በፓይተን 3.12 ላይ ጭራሽ አይገኝም፤ እሱን የሚደግፈው ከ2.16 ጀምሮ ነው። ዊንዶውስ ላይ «ቪዥዋል ሲ++ ያስፈልጋል» የሚለውም ብዙ ጊዜ ያው ነገር ነው፤ ለፓይተናችሁ የተዘጋጀ ዊል (ተገንብቶ ያለቀ የላይብረሪ ፋይል) ስላላገኘ ከሶርስ (ከጥሬ ኮዱ) ሊገነባ ሞክሯል። ጊጋባይት የሚበላ ኮምፓይለር ከማውረድና ላፕቶፑን በድሬ ቀትር ከማንደድ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ፓይተን ይቀላል።

ቀሪዎቹ

ኡቡንቱ 24.04 ላይ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ» ካለ፣ የሲስተሙን ፓይተን አትንካ ማለቱ ነው። ፓይተን3-ቬንቭን በአፕት ጭናችሁ ቬንቭ ውስጥ ሥሩ፤ --ብሬክ-ሲስተም-ፓኬጅስ («የሲስተሙን ፓኬጆች ስበር») ስሙ ራሱ ይናገራል።

ተጭኖም «ሞጁሉ አልተገኘም» ካለ ፒፑና ፓይተኑ የተለያዩ ናቸው፤ ሁልጊዜ ፓይተን -ኤም ፒፕ ብላችሁ ጥሩ። ያም ሆኖ ኢምፖርቱ እንግዳ ኢረር ከሰጠ፣ የራሳችሁን ፋይል ነምፓይ.ፒዋይ ብላችሁ እንዳልሰየማችሁት ተመልከቱ፤ ፓይተን በላይብረሪው ፋንታ የእናንተን ፋይል ያነሳልና።