ስትሮጪ ወይም ስትዘይ ሽንት ያመልጥሻል? የዳሌ ወለል ጡንቻን እንዴት ማጠንከር ይቻላል

በማለዳ የጅሬንን ዳገት እየሮጡ ከሚወጡ የጅማ ወጣት ሴቶች መካከል ጥቁር ሱሪ ብቻ የምትለብስ፣ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ውሃ የማትቀምስ አትጠፋም። ምክንያቱን ለጓደኛዋም አትነግርም፤ ቁልቁለቱን ስትወርድ ሽንት ጠብ ይልባታል። ብዙዎች ይህን የወለደች ሴት ችግር ብቻ ያደርጉታል። ያልወለዱ ጠንካራ ስፖርተኞችም ያጋጥማቸዋል፤ በተለይ ሩጫ፣ ቮሊቦልና ገመድ ዝላይ የሚያዘወትሩት። እግር መሬት በረገጠ ቁጥር የሆድ ግፊት ፊኛን ይጫናል። ከሥር የሚደግፈው የዳሌ ወለል ጡንቻ በጊዜው ካልጨበጠ ሽንት ያመልጣል።

ደስ የሚለው፣ ጡንቻ ይሠለጥናል። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል ጡንቻውን እየጨበጡ የመልቀቅ ልምምድን ያስተዋወቀው በ1948 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ዛሬም ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሞከረው እሱ ነው።

መጀመሪያ ጡንቻውን ፈልጊ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩዪ። ምንጣፍ ላይ በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊ። ሰው መሀል ጋዝ እንዳያመልጥሽ እንደምትይዢው አድርገሽ ፊንጢጣሽን ጨብጪ። ሳትለቂ፣ ሽንት እንደሚያቆም ሰው ወደ ፊት፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢው። ትክክል ከሆነ ውስጥሽ ከፍ ሲል ይሰማሻል፤ ከውጭ ማንም ምንም አያይም። መቀመጫሽ ከጠነከረ፣ ጭንሽ ከተጣበቀ ወይም ትንፋሽሽ ከቆመ የሠራው ሌላ ጡንቻ ነው። እንደ ምጥ ወደ ታች የምትገፊ ከሆነ ወዲያው አቁሚ፤ ድክመቱን ያባብሰዋል።

ሽንት እየሸኑ ማቋረጥን እንደ ልምምድ የሚያዘወትሩ አሉ። አንቺ አታድርጊው፤ ፊኛሽ በደንብ ሳይራገፍ ይቀራል።

ቀጥሎ አሠልጥኚው

ጨብጠሽ 6 ሰከንድ ያዢ፤ 3 ብቻ ከቻልሽ ከ3 ጀምሪ። ከዚያ ለያዝሽበት ያህል ጊዜ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ። ይህን 8 ጊዜ ድገሚ፣ ቀስ በቀስም እስከ 10 ሰከንድ አድርሺው። በመጨረሻ ቶሎ ቶሎ ጨበጥ ለቀቅ እያደረግሽ 10 ጊዜ ሥሪ። ለሯጭ የሚደርስላት ይህ ፈጣኑ ነው። በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር።

መልቀቁን ግን እንደ እረፍት ብቻ አትዪው። ብዙ ስፖርት የምትሠራ ሴት ጡንቻዋ የላላ ሳይሆን ሁልጊዜ የተኮማተረ ሊሆን ይችላል። ሽንት ለመጀመር የምትቸገሪ ወይም በግንኙነት ጊዜ የሚያምሽ ከሆነ፣ ከማጠንከርሽ በፊት ባለሙያ ይይሽ።

ተኝተሽ ሲቀልሽ ተቀምጠሽ፣ ከዚያም ባጃጅ ስትጠብቂ ቆመሽ ሥሪው። ከማስነጠስሽ፣ ከማሳልሽ፣ ጄሪካን ከማንሳትሽ አንድ አፍታ ቀድመሽ መጨበጥን ልመጂ። ብዙ ሴቶች ለውጡ መጀመሪያ የሚታያቸው በዚህ ነው።

ውሃና ቡና

ውሃ አትቀንሺ። የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል፤ ሆድ ድርቀትና ማማጥም የዳሌን ወለል ያላላል። ሽንት ድንገት የሚያጣድፍሽ ከሆነ ግን ለጥቂት ሳምንት አቦሉን ብቻ ጠጥተሽ ቶናና በረካውን ይቅርብኝ በዪ። ይህን በጅማ መጠየቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

ሽንትሽ ካቃጠለሽ፣ ደም ከታየሽ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም ከ3 ወር ልምምድ በኋላ ለውጥ ከሌለ ሂጂ። በጭንሽ መካከል ወይም በእግርሽ ድንዛዜ ከመጣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ድረሺ። ከአስቸጋሪ ምጥ በኋላ ሽንት ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈሳት ሴት ካወቅሽ፣ ፊስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የተከፈተ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል፤ ልምምድ አይዘጋውም። ሐምሊን ፊስቱላ የተባለው ድርጅት በመቱ ከተማ ማዕከል አለው፤ ሕክምናውም በነፃ ነው።

ከመሄድሽ በፊት የጠጣሽውን፣ የሸናሽበትን ሰዓትና ሽንት ያመለጠሽ ምን ስትሠሪ እንደሆነ ለ3 ቀን ጽፈሽ ያዢ። ማፈር ቢይዝሽ እንኳ ወረቀቱን መስጠት ትችያለሽ።