ለቤት ወርክሾፕ ኮምፕረሰር ሲገዙ የሚሠሩ ስህተቶች

ግቢያችን ጥግ ያለችውን ሰርቪስ ቤት የእንጨት ሥራ ክፍል ካደረግኳት ቆይታለች። መጀመሪያ መጋዝና መዶሻ ገባ፣ ቀጥሎ ድሪል፣ ቀጥሎ ግራይንደር። ከዚያ አየር የሚጨምቀው ማሽን፣ የኮምፕረሰር አምሮት ያዘኝ። ቫርኒሹን በብሩሽ መለቅለቅ ቀርቶ በስፕሬይ ልቀባ፣ የመኪናዋንም ጎማ ጎሚስታ ጋ ሳልሰለፍ እቤቴ ልነፋ። አምሮቱ ክፋት አልነበረውም። የተበላሸው አገዛዙ ነው።

ታንከር አይቶ መግዛት

መርካቶ ገብተው ኮምፕረሰር ሲጠይቁ መጀመሪያ የሚነገርዎት የታንከሩ መጠን ነው። ባለ 24፣ ባለ 50፣ ባለ 100 ሊትር። እኔም "ለቤት ይበቃል" ተብዬ ባለ 24ቱን ተሸክሜ ገባሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ የቁም ሳጥን በር ነበር። ለአንድ ደቂቃ ያህል ባለሙያ የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ የስፕሬይ ሽጉጡ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ማስነጠስ ጀመረ። ቫርኒሹ በሩ ላይ ጠብ ጠብ አለ። በማግስቱ ሙሉ ቀን በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ዋልኩ።

ታንከር አየር ያጠራቅማል እንጂ አያመርትም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 24 ሊትር ታንከር ከ8 ባር ወደ 3 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲወርድ የሚለቀው አየር 24 ሲባዛ በ5 ነው፤ 120 ሊትር። ሽጉጥዎ በደቂቃ 200 ሊትር የሚበላ ከሆነ፣ የተጠራቀመው ከ40 ሰከንድ አያልፍም። ሞተሩ እየሠራ ቢያግዝም የበሩ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ያጥርዎታል።

ስለዚህ መጀመሪያ መሣሪያውን ይምረጡ፣ ኮምፕረሰሩ ይከተላል። የሚስማር ሽጉጥ በአንድ ምት የሚበላው ትንሽ ነው፤ ባለ 24ቷ ትችለዋለች። ጎማ መንፋትም እንደዚያው። የጎማ ብሎን የሚፈታው ኢምፓክት በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ይፈልጋል፤ ግን ሥራው ቶሎ ስለሚያልቅ ታንከር ያግዘዋል። ስፕሬይ እንደ ዓይነቱ ከ150 እስከ 400 ሊትር ይሄዳል። በአየር የሚሠራው የእንጨት ማለስለሻ፣ ሳንደር፣ ደግሞ ለብቻው የሚቆም ጉድ ነው። 300 ሊትር ያህል፣ ያውም ያለ ዕረፍት። ለቤት ሥራ ሳንደሩን የኤሌክትሪክ ይግዙና ይገላገሉ።

አንድ ሌላ ነገር። ሰሌዳው ላይ በትልቁ የተጻፈው "በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር" የሚለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አየሩን የሚጨምቀው ፒስተን የሚስበው ነው። ተጨምቆ የሚወጣው ከዚያ ያንሳል። በትንንሾቹ ላይ ሲሶው ቢጎድል አይደነቁ።

የምንኖርበትን ከፍታ መርሳት

ይሄን ማንም ሻጭ አይነግርዎትም። ኮምፕረሰሩ ጅቡቲ ወደብ ሲራገፍ ሰሌዳው የሚለውን ያህል አየር ይስብ ይሆናል። አዲስ አበባ ሲወጣ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ሳስቷል። ፒስተኑ የሚመላለስበት ቦታ ያው ነው፤ በአንድ ምት የሚገባለት አየር ግን ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይጎድላል። የግፊት መለኪያው ጌጅ 8 ባር ላይ መድረሱ አይቀርም፣ ግን ይቆያል። ሞተሩም ያን ያህል ተጨማሪ ይሠራል። እሱን የሚያቀዘቅዘውም ያው የሳሳ አየር ስለሆነ ይበልጥ ይግላል። ድሬዳዋ ያለ ሰው ይሻለዋል፣ ደብረ ብርሃን ያለ ይብስበታል።

የሰሌዳውንና የከፍታውን ጉድለት ሳደምር እኔ የምጠቀምበት ልክ ይሄ ነው፤ መሣሪያው 150 ሊትር ከፈለገ፣ ሰሌዳው ላይ 300 ያህል የተጻፈበትን እፈልጋለሁ። ይህ ብዙውን ጊዜ በቺንጋ የሚዞር፣ 3 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው ነው። ዋጋው ይመራል። ግን እንደኔ ሁለቴ ከመግዛት ይረክሳል።

መብራቱን ሳይጠይቁ ማሽኑን ማምጣት

ከፍ ያለ ጉልበት ያላቸው ብዙዎቹ ባለ ሦስት ፌዝ ናቸው። የቤትዎ ቆጣሪ ነጠላ ፌዝ ከሆነ ማሽኑ ጌጥ ሆኖ ይቀመጣል። ሳይከፍሉ የሞተሩን ሰሌዳ ያንብቡ።

ሌላው ኤክስቴንሽን ነው። ከሳሎን ሶኬት በቀጭን ገመድ 20 ሜትር ጎትተው ኮምፕረሰር ሲያስነሱ፣ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል። ሞተሩ "እምምም" ብሎ ይቀራል። ስፒናውን ቢነኩት ይፋጃል። የሚረዝመው የአየር ቱቦው ይሁን፤ ኮምፕረሰሩ ሶኬቱ አጠገብ ይቀመጥ። መስመሩም ለብቻው ተስቦ የራሱ ብሬከር ቢኖረው ጥሩ ነው።

መብራት ሲሄድስ? እዚህ ላይ ብዙ ሞተር ተቃጥሏል። ማሽኑ በራሱ ሲቆም፣ ከፒስተኑ ወደ ታንከሩ በሚወስደው ቧንቧ ውስጥ የቀረውን አየር "ፍስስ" አድርጎ ያስወጣል። ለሚቀጥለው መነሻ ቀለል እንዲለው ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ግን ይህ አይሆንም። ታፍኖ የቀረው አየር ፒስተኑን እንደተጫነ መብራቱ ይመለሳል፣ ሞተሩ መዞር ያቅተዋል። እርስዎ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሻይ እየጠጡ ይሆናል። መብራት እንደሄደ ግፊት መቆጣጠሪያው ላይ ያለውን ማጥፊያ ይዝጉ። ያቺን "ፍስስ" ከሰሙ ጨርሰዋል።

ውሃውን አለማፍሰስ

8 ባር ማለት ቢያንስ ዘጠኝ እጥፍ የተጨመቀ አየር ነው። እርጥበቱም አብሮ ይጨመቃል፣ ሲቀዘቅዝም ውሃ ይሆናል። በክረምት ታንከሩ ሥር ያለችውን መክፈቻ ቢከፍቷት ዝገት የተቀላቀለ ቡናማ ውሃ ይወርዳል። ሥራ በጨረሱ ቁጥር ይክፈቷት። ካልሆነ ውሃው ከቫርኒሹ ጋር ወጥቶ እንጨቱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይሠራል፣ ታንከሩንም ከውስጥ ይበላዋል።

ፊልተር ገጥሜያለሁ ብለው አይተማመኑ። ብዙ ሰው ከኮምፕረሰሩ አፍ ላይ ይገጥመዋል። እዚያ ጋ አየሩ ገና ትኩስ ነው፤ ውሃው እንፋሎት ሆኖ አልፎት ይሄዳል። ከማሽኑ ራቅ አድርገው፣ አየሩ ቀዝቅዞ የሚደርስበት ቦታ ይግጠሙት።

የመኪና ዘይት መጨመር

ለመኪና ሞተር የተሠራ ዘይት ቆሻሻን አንሳፍፎ እንዲይዝ ማጠቢያ ነገር ተቀላቅሎበታል። ኮምፕረሰር ያንን የሚያጣራበት ፊልተር የለውም። የኮምፕረሰር ዘይት ይጠይቁ፣ አለ።

አሮጌ ታንከርና የፒቪሲ ቧንቧ

ምናለሽ ተራ የማይገኝ ነገር የለም፤ ታንከርም ይገኛል። ቀለም ተቀብቶ አዲስ ይመስላል። የሚዝገው ግን ከውስጥ፣ ከሥሩ ነው፤ በዓይን አይታይም። ቀዳዳ ያለውን በብየዳ ደፍኖ መጠቀምም ያው ነው፤ ብረቱ አጠገቡም ሳስቷል። ሌላ ሁሉ ነገር አሮጌ ይሁን፣ ታንከርና ግፊት ሲበዛ አየር የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ ግን አዲስ። ፒቪሲ ቧንቧም ለውሃ እንጂ ለተጨመቀ አየር አይሆንም። ሲፈነዳ እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ ይበተናል። ጋልቫናይዝድ ወይም ለአየር የተሠራ ጎማ ቱቦ ያስገቡ።

በአየር ልብስ ማራገፍ፣ ከከሰል አጠገብ መቀባት

አቧራውን ከልብስ ላይ በአየር ማራገፍ ይጣፍጣል። ግን በቆሰለ ቆዳ የገባ አየር ሰው ሊገድል ይችላል፤ ዓይንና ጆሮንም አይምርም። ልጆችም ሲያዩ ይማሩታል።

ስፕሬይ ሲቀቡ የአቧራ ማስክ ትነር አይከለክልም። የከሰል ፊልተር ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። በሩም ይከፈት። የትነር ትነት ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ተጉዞ እሳት ይፈልጋል። እኛ ግቢ እሳቱ ሩቅ አይደለም፤ ጀበናው የሚጣደው ወርክሾፑ በር ላይ ነበር። አሁን ቡና ካለ ቅብ የለም። በረካው ተጠጥቶ ፍሙ እስኪጠፋ ሽጉጡ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል።