የሕክምና ፈተና የምርጫ ጥያቄ ከባድ ነው ቀላል? ስንመዝን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የሕክምና ተማሪ በምርጫ ጥያቄ ነው ዓመቱን የሚያልፈው ወይም የሚደግመው። ስለዚህ «ይህ ጥያቄ ከብዷል» ሲባል ክብደቱ ከየት እንደመጣ ማጣራት ግዴታችን ነው። ከሕክምናው ነው ወይስ ከአጻጻፉ?

በዓይን አይቶ መፍረድ

ለዓመታት የሠራ ስፔሻሊስት ጥያቄውን ያነብና «ይህማ ቀላል ነው» ይላል። ለእሱ ነው ቀላል የሆነው። ከፈተናው በፊት መገመት ካስፈለገ የአንጎፍ ዘዴ ይሻላል። በርከት ያሉ መምህራን ለየብቻ ይገምታሉ፤ «ለጥቂት የሚያልፉ 100 ተማሪዎች ቢሆኑ ስንቱ ይመልሱታል?» እያሉ። ከዚያ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። እዚህ ላይ የክፍሉን አንደኛ አያስቡ። በማለፍና በመውደቅ መካከል ያለውን ተማሪ ነው ማሰብ።

ቁጥሩን ገልብጦ ማንበብ

ከፈተና በኋላ የሚሰላው የክብደት ልኬት፣ በትክክል የመለሱት ለተፈታኞች ሲካፈሉ ነው። ከ100 ተማሪዎች 90 ከመለሱ 0.90 ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጥያቄው ቀለለ ማለት ነው። ግምትንም አይርሱ። አራት ምርጫ ካለው፣ ሁሉም ዝም ብለው ቢያጠቁሩ እንኳ 0.25 አካባቢ ይወጣል። ስለዚህ 0.30 ሲያዩ «ሲሶው ያውቀዋል» አይበሉ።

«ከባድ ከሆነ ጥሩ ጥያቄ ነው» ማለት

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። «ከሚከተሉት ውስጥ የከባድ ወባ ምልክት ያልሆነው የትኛው አይደለም?» ብሎ የሚጠይቅ ፈተና ብዙ ተማሪ ይጥላል። የጣላቸው ግን ወባው አይደለም፣ ዓረፍተ ነገሩ ነው።

በዚህ ፋንታ በሽተኛ አምጡ። የሦስት ዓመት ልጅ ነው። ትኩሳት ይዞታል፣ አንዘፍዝፎታል፣ አሁን ራሱን ስቷል። የደም ምርመራው ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ተሕዋስ አሳይቷል። በምን ሕክምና ትጀምራለህ? ትክክለኛው በመርፌ የሚሰጥ አርቴሱኔት ነው። ኮአርተም ክኒን ብሎ የሚሳሳት ተማሪ፣ ቀላሉን ወባ ከከባዱ አለመለየቱን ይነግረናል። እንዲህ ያለ ክብደት ለበሽተኛ ይጠቅማል።

ሁለቱን ጥያቄዎች በክብደት ቁጥር ብቻ መለየት አይቻልም፣ ሁለቱም 0.40 ሊሆኑ ይችላሉ። ጎበዙን ከደካማው የመለየት አቅማቸውን ማየት ያስፈልጋል። በጠቅላላ ውጤት ከላይ ያሉትን 27 በመቶና ከታች ያሉትን 27 በመቶ ይውሰዱ። ከ100 ተማሪዎች ከየወገኑ 27 ማለት ነው። ከላይኞቹ 24፣ ከታችኞቹ 12 ከመለሱ፣ ልዩነቱ 12 ነው፤ ለ27 ሲካፈል 0.44። ጥያቄው በደንብ ይለያል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ግን ጎበዙንም ደካማውንም እኩል እያደናገረ ይሆናል።

የተሳሳቱትን ምርጫዎች አለማየት

ከላይ ላለው ልጅ ከምርጫዎቹ አንዱን «ቫይታሚን ሲ» ብናደርገው ማንም አይነካውም። ከ5 በመቶ በታች ተማሪ የሚመርጠው አማራጭ ሥራ አልሠራም። ጥያቄው በወረቀት ባለአራት ምርጫ ነው፣ በተግባር ባለሦስት። ክብደቱ የቀነሰው ተማሪው ስላወቀ ላይሆን ይችላል።

ቀላል ጥያቄን ሁሉ መጣል

ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳት እናት ኦክሲቶሲን መጀመር እንዳለበት 95 በመቶው ተማሪ ቢመልስ ደስ ይበለን! ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። አንድም ተማሪ ከሳተው ማወቅ እንፈልጋለን።

የአንድ ባች ቁጥርን እንደ ቋሚ መያዝ

ልኬቱ የጥያቄው ብቻ ሳይሆን የተፈታኞቹም ነው። በ30 ተማሪ ክፍል አንድ ሰው ብቻ ቁጥሩን ከ3 በመቶ በላይ ያነቃንቀዋል። ባለፈው ዓመት 0.45 የነበረው ዘንድሮ 0.90 ከሆነ ደግሞ፣ በትምህርቱ ከመኩራራት በፊት ጥያቄው በቴሌግራም ዞሮ እንደሆነ ይጣራ።

ውጤት ከለጠፉ በኋላ መመርመር

ጎበዞቹ ስተውት ደካሞቹ ከመለሱት፣ የመለየት ልኬቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ያኔ መጀመሪያ የሚታየው የመልስ ቁልፉ ነው። «ለ» መሆን ያለበት «ሐ» ተብሎ ተይዞ ይሆናል። ቁልፉ ትክክል ከሆነ ጥያቄው ሁለት ትክክለኛ መልስ ኖሮት እንደሆነ ያጣሩ። ስህተት ከተገኘ የሁሉም ተማሪ ወረቀት እንደገና ይታረማል፣ ቅሬታ ያቀረበው ብቻ አይደለም። ይህን ሁሉ ለመሥራት አንድ የኤክሰል ገጽና አንድ ከሰዓት ይበቃል፣ ውጤቱ ቦርድ ላይ ከመውጣቱ በፊት።