ሱቁ ያለኔ እንዲሰራ ያደረኩበት መንገድ

አዘዞ የህንፃ መሳሪያ ሱቅ አለኝ፣ ቆርቆሮ ሚስማር ቀለም ምናምን። ችግሩ ዋጋው ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር ያለው። ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ ታቦት አጅቤ ቆሜ እንኳን «ጋሼ፣ ባለ 32ቱን ቆርቆሮ 20 ብር ልቀንስለት?» ብሎ ሱቁ ውስጥ የሚሰራው ልጅ ይደውልልኝ ነበር። በኋላ አንድ ሰው ሱቁን ልግዛ ብሎ መጥቶ ሁለት ቀን ሲያይ ዋለና «አንተ ከወጣህ የምገዛው እቃውን ብቻ ነው» አለኝ። አመመኝ፣ ግን እውነቱን ነው። በንግድ ህጋችንም (አዋጅ 1243/2013) እኮ መደብር ማለት እቃ ብቻ አይደለም፣ መልካም ዝናም አለበት፣ የኔ ዝና ደግሞ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ላይ ነበር።

መጀመሪያ ለየእቃው ሶስት ዋጋ ፃፍኩ፣ የችርቻሮ፣ የጅምላ፣ ከዚህ በታች የማይወረድበት፣ ልጁ ከሶስተኛው በላይ ከሆነ ሳይደውል ይሸጣል በቃ። ያቅራቢዎቹን ቁጥር ወደ ሱቁ ስልክ አዞርኩ። ከባዱ ዱቤው ነበር፣ ማን እንደሚከፍል ማን እንደሚያመላልስ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ ለያንዳንዱ ደንበኛ ጣሪያ ወሰንኩለት። ማታ ማታ ልጁ ሂሳቡን ከደረሰኝ ጋር አመሳክሮ ፎቶ ይልክልኛል።

ከዛ ደባርቅ ዘመድ ጋ 10 ቀን ሄድኩ። አንዴ ብቻ ተደወለልኝ፣ ሚስማር አልቆ ነው፣ መቼ ይታዘዝ የሚለውን ረስቼ ነበር። አሁን መደርደሪያው ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፌያለሁ፣ እቃው ቀንሶ እዛ ሲደርስ ልጁ ራሱ ያዛል።