ቁልፉ በእጃችን ሲሆን የምንሠራቸው ስህተቶች

እዚህ እንግሊዝ አገር በጥበቃ ሥር ባሉ የአእምሮ ሕክምና ዋርዶች በነርስነት ልትጀምሩ ያሰባችሁ የአገሬ ልጆች ከምን ስህተት መጠንቀቅ እንዳለባችሁ ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። ዋርዶቹ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ጥበቃ ተብለው ይከፈላሉ። ከፍተኛዎቹ ሦስት ሆስፒታሎች ብቻ ናቸው፤ ብሮድሙር፣ ራምፕተንና አሽወርዝ። እኔ የሠራሁት በመካከለኛው ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎች ከፍርድ ቤት ወይም ከእስር ቤት የመጡ ናቸው። እኛ ወገባችን ላይ ቁልፍ አለ። እነሱ ግቢ ወጥተው አየር ለመቀበል እንኳ እኛን መጠየቅ አለባቸው። እኛ ነርሶች የምንሠራቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ጥበቃ ማለት በርና ካሜራ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ። በሥልጠና ላይ ሦስት ዓይነት ጥበቃ እንማራለን። አንዱ ግንቡና በሩ ነው፤ ሁለተኛው ፍተሻና ደንቡ ነው፤ ሦስተኛው ታካሚውን ማወቅ ነው። ሁሌ ቁርሱን ጠራርጎ የሚበላ ሰው ዛሬ ሳህኑን ገፍቶ ቢነሳ፣ ነገር እንዳለ የሚገባው አብሮት የተቀመጠ ነርስ ብቻ ነው። የሚሞላው ወረቀት እንደማያልቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ከነርሶች ቢሮ መስታወት ኋላ ውጡ። ካርታ ተጫወቱ፤ ኳስ አብራችሁ እዩ።

ሰውየውን በፋይሉ ብቻ ማወቅ። ፋይሉን አንብቡ፤ ለደህንነታችሁ ግድ ነው። ግን ወንጀሉ የተጻፈበት ገጽ ስለ ሰውየው ሁሉን አይነግራችሁም።

«አይቻልም» ብሎ ዝም ማለት። ይህ የራሴ ስህተት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። አንድ ማታ ርክክብ ላይ ሳለሁ አንድ ታካሚ መስታወቱን አንኳኳ። እናቱ ጋ መደወል ፈልጓል። ከኮምፒውተሩ ቀና ሳልል «አሁን አይቻልም» አልኩት። ደገመ። ሠለሰ። ከዚያ ወንበሩን በእግሩ አሽቀነጠረው፤ ደወሉ ጮኸ፤ አምስት ሰው ሆነን መሬት ላይ ያዝነው። ለካ እናቱ ያን ቀን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ኖሯል። ተነስቼ ዓይኑን እያየሁ «ርክክብ ላይ ነኝ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኩን ይዤልህ እመጣለሁ» ብዬው ቢሆን፣ ቃሌንም ጠብቄ ቢሆን፣ እዚያ ባልደረስን ነበር።

ይህ የእኔ ጸጸት ብቻ አይደለም። ሴፍዋርድስ የሚባል አሠራር አለ፤ አሥር ቀላል ልማዶች ናቸው። «ለስላሳ ቃል» እና መጥፎ ዜና ከሰማ ሰው አጠገብ ቶሎ መገኘት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በእንግሊዝ 31 ዋርዶች ላይ ተሞክሮ በ2015 ውጤቱ ሲወጣ፣ ግጭት በ15 በመቶ፣ በጉልበት መያዝና ለብቻ መዝጋትን የመሳሰሉት እርምጃዎች ደግሞ በ26 በመቶ ቀንሰው ነበር። የተሞከረው አጣዳፊ ሕሙማን በሚተኙባቸው ዋርዶች ነው፤ እኛ ዘንድም ግን «አይሆንም» የሚባለው ነገር ስለሚበዛ፣ እንዴት አድርገን እንደምንለው የበለጠ ዋጋ አለው።

ጓደኛ መሆን። እኛ አበሾች የተቸገረ አይተን ማለፍ አይሆንልንም። ከኪሳችን ሳንቲም አውጥተን ቸኮላት እንገዛለን። በእንዲህ ዓይነት ዋርድ ግን አንዱ ያገኘውን ሌላው ያያል፤ እናንተም በማግስቱ እንቢ ማለት ይቸግራችኋል። ከሁሉም የባሰው የምስጢር ቃል መግባት ነው። «ለማንም አትንገሪ» ሲላችሁ ወሬውን ከመስማታችሁ በፊት «አንተን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ለባልደረቦቼ እናገራለሁ» በሉት። ቅር ይለው ይሆናል፤ ግን አልዋሻችሁትም።

በጉልበት ከያዙ በኋላ መሸሽ። በ2010 ኦላሴኒ ሉዊስ የተባለ የ23 ዓመት ወጣት፣ ሆስፒታል ውስጥ ፖሊሶች ለረጅም ጊዜ ይዘውት ከቆዩ በኋላ ሞተ። በአእምሮ ሕክምና ክፍሎች የኃይል አጠቃቀምን የሚገድበው የ2018ቱ ሕግ «የሴኒ ሕግ» የሚባለው በእሱ ስም ነው። በሕጉ መሠረት የሆነውን መዝግባችሁ ታስቀምጣላችሁ። ታካሚውን ተመልሶ ማነጋገር ግን የእናንተ ፈንታ ነው። እፍረት አለ፤ ፍርሃትም አለ። ቀኑ በረዘመ ቁጥር ይብሳል።

እኔ እናቱ ጋ ሊደውል የፈለገውን ያን ታካሚ በያዝነው ማግስት ጠዋት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። «ትናንት ቀና ብዬ እንኳ አላየሁህም፤ ይቅርታ» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ብዙ ቆየ። ስልኩን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። በኋላ ተነስቶ ደወለ።