ኢዮስ ላይ አቅጣጫ ስንጠራ ቀለሙም አብሮ ሲቀየር

በግራንድኤምኤ 2 (ኤምኤ) የመድረክ መብራት መቆጣጠሪያ የተሠራ የኪው (በተራ የሚጠሩ የመብራት ትዕይንቶች) ዝርዝር ወደ ሌላ መቆጣጠሪያ፣ ወደ ኢዮስ ሲዛወር፣ «ፕሪሴት 2.12» የተባለው የተቀመጠ ቅንብር በተጠራ ቁጥር ከአቅጣጫው ጋር ቀለሙም ይቀየር ነበር። ኤምኤ ላይ ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር 2 የሚይዘው ፓንና ቲልትን (የመብራቱን የጎንና የላይ ታች አቅጣጫ) ብቻ ነው፤ የኢዮስ ፕሪሴት ግን ቀለሙንም፣ የብርሃን መጠኑንም አንድ ላይ ያስቀምጣል።

ያስተካከልኩት እንዲህ ነው፦ መብራቶቹን መርጦ አቅጣጫ ማስያዝ፤ ሪከርድ፣ ፎከስ ፓሌት፣ 12፣ ኢንተር። ፓሌት የሚይዘው አንድ ዓይነት ቅንብር ብቻ ነው። የኤምኤው 4.5 (ቁጥር 4 ቀለም ነው) ደግሞ ለብቻው ከለር ፓሌት 5 ሆነ። በየኪው ውስጥ ፕሪሴቱን በሁለቱ ፓሌቶች ተክቶ አፕዴት ማድረግ ብቻ ቀረ።

ከሁሉ የሚያሳስተው «ፎከስ» ነው። ኤምኤ ላይ ቁጥር 6 ፎከስ የሌንሱን ጥራት ይይዛል፤ ኢዮስ ላይ ግን ፎከስ ማለት ፓንና ቲልት ነው። የሌንሱ ጥራት ቢም ፓሌት (የጨረሩ ቅንብር) ውስጥ ካልተቀመጠ የጎቦው (ብርሃኑን ቅርጽ የሚያስይዘው ሳህን) ምስል ደብዝዞ ይወጣል።