የድሮው የባቡር ድልድይ ከሰዓት በኋላ «ጓ!» ሲል

ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ በኩል በሚመጣው አሮጌው መስመር ላይ ያሉት የብረት ድልድዮች ጎርፍና ፀሐይ እየተፈራረቀባቸው ኖረዋል። እነሱን በመጠገን ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ችግር ስለሆነ ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው።

ሪቬት (ብረቶቹን የሚያያይዘው ባለ ክብ ራስ ሚስማር) ዙሪያ የዝገት መስመር ወርዶ ካያችሁ ሪቬቱ ላልቷል። ቆርጣችሁ በጠንካራ ቡሎን ተኩት። አትበይዱት! የዚያ ዘመን ብረት ብየዳ አይወድም፤ ጎኑ ይሰነጠቃል።

ከጎርፍ በኋላ ምሰሶው ሥር ከተቦረቦረ መሐንዲስ ሳያየው ምንም ነገር አይለፍበት። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው በዚህ አይከራከርም።

አሁን ወደ ዋናው። ምልክቱ ይኼ ነው፦ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ባቡር በሌለበት፣ ድልድዩ «ጓ!» ይላል። ቀስ በቀስ ድልድዩ የተቀመጠበት የድንጋይ ግንብ ይሰነጠቃል። ቡሎኖቹ ይጎብጣሉ። ድልድዩ ጫፍ ላይ ሀዲዱ ትንሽ ይጣመማል።

ምክንያቱ ሮለሩ፣ ማለትም ከድልድዩ ጫፍ ሥር ያለው የሚንከባለል ድቡልቡል ብረት ነው። የድልድዩ አንድ ጫፍ የታሰረ ነው፤ ሌላው ጫፍ ሮለር ላይ ተቀምጧል፣ ወዲያና ወዲህ እንዲሄድ። ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት በየሜትሩ 0.012 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። 20 ሜትር የሆነው ድልድይ ከንጋት እስከ ከሰዓት 25 ዲግሪ ቢሞቅ 6 ሚሊ ሜትር ረዘመ ማለት ነው። ሮለሩ በአሸዋና በዝገት ከተያዘ እነዚያ 6 ሚሊ ሜትሮች መሄጃ ያጣሉ። ያን ጊዜ ግንቡን ይገፋሉ። ባቡር ባያልፍበትም ሙቀቱ በየቀኑ ያልፍበታል።

የብረት ጉልበት ቀላል የሚመስለው ካለ የኒው ዮርኩን ይስማ። ሃርለም ወንዝ ላይ ሰርድ አቬኑ የሚባል፣ መሀሉ ላይ ቆሞ ለመርከብ የሚዞር ድልድይ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በሙቀት ምክንያት ተከፍቶ መዘጋት አቃተው። በጀልባ ውሃ ረጭተው ነው ያቀዘቀዙት። እኛ ጋ ወንዙ ራሱ ደረቅ አሸዋ ነው፤ የሚረጭ የለም።

አንድ ጊዜ ግንቡ የተሰነጠቀ ድልድይ ጋ ተጠራሁ። ስንጥቁን ሦስት ጊዜ በስሚንቶ ደፍነውታል፤ ሦስት ጊዜ ተከፍቷል። ሮለሩን ማንም ጎንበስ ብሎ አላየውም። ሌላ ቦታ ደግሞ «አሸዋ እንዳይገባ» ብለው ሮለሩን ራሱን በኮንክሪት ሞልተውት አገኘሁ። ያንን በመሮ ስንፈለፍል ሁለት ቀን ሄደ። አቦ፣ እንዲህ አይደረግም! ሮለር የተሠራው እንዲሄድ ነው።

መፍትሄው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አረጋግጡ። ሮለሩ ላይ የተቀመጠውን ሳህንና ከሥር ያለውን ሳህን በአንድ ቀጥ ያለ ጭረት ምልክት አድርጉ። ጠዋት 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት እዩት። ጭረቱ ካልተላቀቀ ሮለሩ ተይዟል።

ከዚያ መስመሩን አዘጉ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ! ሥራው በጠዋት ይሁን፣ ብረቱ ሳይሞቅ። ክሪኩን ዋናው ወራጅ ብረት ላይ፣ ማጠናከሪያ ባለበት ቦታ ትከሉ። ቀጭኑ ጠርዝ ላይ ተክሎ ብረቱን ያጎበጠ ሰው አውቃለሁ። ሁለቱን ጎን እኩል አንሱ፤ ሮለሩን ለመልቀቅ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይበቃል። እያነሳችሁ ጠንካራ እንጨት ከሥር ከሥር አስገቡ። ክሪክ ይከዳል። እጃችሁን ከሥር አታስገቡ! እንጨቱ ሳይገባ በፍጹም!

ሮለሩን አውጡና በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ እጠቡት። በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ብዙ ቦታ ለኩት። አንድ ጎኑ ተጠፍጥፎ ከሆነ አይመለስ፤ አዲስ ይቆረጥ። ከቁራሌ የተገኘ አሮጌ አክስል ቆርጠው «ያው ነው» የሚሉ አሉ። ያው አይደለም። ውፍረቱ ከሌሎቹ በጥቂቱ እንኳ ከተለየ ሸክሙ ሁሉ አንዱ ላይ ያርፋል።

ግራሶ አታብዙ። እዚህ አገር ግራሶ አሸዋ ይሰበስባል፤ አሸዋና ግራሶ ሲቀላቀሉ ሞረድ ናቸው። ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ከላይ ላሜራ ክዳን አድርጉለት። ክዳኑ በአንድ በኩል ብቻ ይታሰር፣ ከድልድዩ ጋር እንዲሄድ።

ስትመልሱት ሮለሩ መሀል ላይ የሚሆነው ብረቱ መካከለኛ ሙቀት ላይ ሲሆን ነው። በጠዋት ብርድ ከሆነ የምትሠሩት ለሚመጣው ሙቀት ቦታ ትታችሁ ወደ ታሰረው ጫፍ ጠጋ አድርጉት። ከዚያ ጭረቱን አድሱና በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ተመልሳችሁ እዩት። ጭረቱ ካልተላቀቀ እንደገና ክሪኩን አምጡ።